ቆራጣ፦ በጣና ዳር የወለተ ጴጥሮስ ከተማ

ቆራጣ በጣና ሐይቅ ደቡብ ምሥራቅ ዳርቻ፣ በደቡብ ጎንደር ዞን በደራ ወረዳ የምትገኝ የጥንት የገዳምና የንግድ ከተማ ናት። የተቆረቆረችው ከውኃው ጠርዝ ተነስቶ ቀስ እያለ ከፍ በሚል ሾጣጣ ኮረብታ ጎን ላይ ነው። ከጀርባዋ የደራ አገር ማሳዎች ተዘርግተዋል፤ ከፊቷ ጣና በደቡብ ጫፉ ጠበብ ብሎ ወደ ባሕር ዳር የሚገባበት ወሽመጥ አለ። ሰማዩ በጠራ ቀን ከወሽመጡ ማዶ የዘጌ ልሳነ ምድር ከነደኑ ይታያል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዚህ ዳርቻ ያለፉ የውጭ አገር መንገደኞች ቆራጣን ከጎንደር ቀጥላ የምትጠቀስ ሀብታም ከተማ አድርገው መዝግበዋታል። ዛሬ ስሟን የሚያነሱት በአብዛኛው የአካባቢው ሰዎች፣ ተሳላሚዎችና የታሪክ ተመራማሪዎች ናቸው። ይህ መዘንጋት አይገባትም። በኢትዮጵያ ታሪክ አንዲት ሴት መነኩሴ መቃብሯ እንኳ ሳይኖርበት በስሟ ብቻ አንድ ሙሉ ከተማ ያቆመችበትን ስፍራ ማየት የሚፈልግ ሰው ወደ ሌላ ቦታ ከመሄዱ በፊት ወደ ቆራጣ መሄድ አለበት።

ለእስቴ፣ ለስማዳና ለጋይንት ሰው ቆራጣ ሩቅ አገር አይደለችም። ከመካነ ኢየሱስ ተነስቶ በአንበሳሜ በኩል ወደ ሐሙሲት የሚወርደው መንገድ ዋናውን የባሕር ዳር–ጎንደር አስፋልት ያገኛል፤ ከዚያ ወደ ምዕራብ ሲታጠፍ መሬቱ ወደ ጣና ዝቅ እያለ ይሄዳል። በደብረ ታቦርና በወረታ በኩል መዞር የሚመርጥም አለ። ያኛው መንገድ ይረዝማል፤ ነገር ግን የፎገራን ሜዳ ያሳያል። ክረምት ሲገባ ሜዳው ውኃ ይተኛበታል፤ የታወቁት የፎገራ ከብቶች የሚግጡበትና ካለፉት ጥቂት አሥርት ዓመታት ወዲህ ሩዝ የተንሰራፋበት አገር ነው። የሩዝ ምርምርና ማሠልጠኛ ማዕከል ወረታ ላይ የተቋቋመውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ደጋውን ከሐይቁ ጋር ከመንገዱ ቀድሞ ያገናኘው ውኃ ነው። የጉና ተራራ ከባሕር ወለል በላይ ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የደቡብ ጎንደርን ዝናብ ይከፍላል። በምዕራብ ጎኑ የሚወርደው በርብና በጉማራ ወንዞች ተሰብስቦ ጣና ይገባል፤ በምሥራቅ የሚወርደው ወደ ሌላ ሸለቆ ያመራል። ጉማራ ሐይቁን የሚቀላቀለው ከቆራጣ በስተሰሜን ነው። ስለዚህ ከእስቴ ደጋ ተነስቶ ወደ ቆራጣ የሚወርድ ተጓዥ የሚጓዘው ወንዞቹ በሚጓዙበት አቅጣጫ ነው። ወንዞቹ ግን ከውኃው ጋር የደጋውን አፈርም ይወስዳሉ፤ የሐይቁ ምሥራቃዊ ዳርቻ በክረምት የሚደፈርሰውና ደለል የሚሞላው በዚህ የተነሳ ነው። የደጋው ገበሬ እርከን ሲሠራ የሚያድነው የራሱን ማሳ ብቻ አይደለም፤ የቆራጣን ዳርቻም ጭምር ነው።

ጣና ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,790 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተኛ፣ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋ የአገሪቱ ትልቁ ሐይቅ ነው። ስፋቱን ያየ ሰው ጥልቀቱንም ያንኑ ያህል ሊገምት ይችላል፤ ግን ጥልቅ በተባለበት ቦታ እንኳ ከ15 ሜትር ብዙም አይርቅም። የጥንት እሳተ ገሞራ ያፈሰሰው ቅልጥ ዐለት የውኃውን መውጫ ዘግቶ የፈጠረው ሐይቅ በመሆኑ እንደ ሰፊ ገበታ ዝርግ ነው። ጥልቀት ስለሌለው ነፋስ ቶሎ ያናውጠዋል። ማለዳ ላይ ጸጥ ያለው ውኃ ከሰዓት በኋላ ማዕበል ሊያነሳ ይችላል፤ በዚህም ምክንያት የአካባቢው ታንኳ ቀዛፊዎች ረዥም መሻገሪያን ለጠዋት ያደርጋሉ። ውኃው ከፍ የሚለው ክረምቱ ሲያልቅ በመስከረምና በጥቅምት ነው፤ ከዚያ እስከ ሰኔ ድረስ ቀስ በቀስ ይወርዳል። ቆራጣን ከውኃው ላይ ሆኖ ለማየት ጥቅምትና ኅዳር የሚመረጡት ለዚህ ነው። ሐይቁ ሙሉ፣ ኮረብታው አረንጓዴ፣ አየሩም የጠራ ይሆናል።

ከሐይቁ ወደ ከተማዋ የሚቀርብ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ዛፍ ነው። በ1866 እ.ኤ.አ. እዚህ የቆየው እንግሊዛዊ ሐኪም ሄንሪ ብላንክ ጽድና ሾላው እጅግ ከመጠቅጠቁ የተነሳ ከውኃው ላይ ሆኖ ከተማዋን መለየት እንደሚያስቸግር ጽፏል። ይህ የዛፍ መብዛት በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። በጎንደርና በጎጃም እንደ አብዛኛው ቦታ ሁሉ ደኑ የቆየው በቤተ ክርስቲያን ጥላ ሥር ስለሆነ ነው። ቆራጣን ልዩ የሚያደርጋት የቤተ ክርስቲያኑ ክብር ከአጥሩ ወጥቶ ከተማዋን በሙሉ ማልበሱ ነው። ይህን ለመረዳት ወደ ወለተ ጴጥሮስ ሕይወት መመለስ ያስፈልጋል።

ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ በ1592 እ.ኤ.አ. ከመኳንንት ቤት ተወለደች። ያገባችው መልክአ ክርስቶስ የዐፄ ሱስንዮስ የቅርብ ባለሟልና የጦር አዛዥ ነበር። የወለደቻቸው ሦስት ልጆች በጨቅላነታቸው ሞቱባት። ያኔ ቤተ መንግሥቱ በኢየሱሳውያን ሚስዮናውያን ስብከት ወደ ካቶሊክ እምነት እያዘነበለ ነበር። በ1617 እ.ኤ.አ. ይህን ተቃውመው በተነሱት ላይ በተደረገ ውጊያ ጳጳሱ አቡነ ስምዖን ተገደሉ፤ የወለተ ጴጥሮስ ባል ከንጉሡ ወገን ተሰልፎ ነበር። ገድሏ እንደሚተርከው የተገደሉት ጳጳስ ልብስ ወደ ቤቷ መምጣቱን ስታውቅ ከዚያ ቤት ለመውጣት ቆረጠች። ባሏን፣ ሀብቷንና ማዕረጓን ትታ መነኮሰች። ወዳጇና ባልንጀራዋ እኅተ ክርስቶስም ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እስከ መጨረሻው አልተለየቻትም።

ዐፄ ሱስንዮስ በ1620ዎቹ መጀመሪያ የካቶሊክን እምነት በይፋ ከተቀበሉ በኋላ ተቃውሞዋ በመንግሥት ላይ እንደ ማመፅ ተቆጠረ። በችሎት ቀርባ ተጠየቀች። በ1625 እ.ኤ.አ. የመጣው የካቶሊኩ ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ራሱ ሊያሳምናት ሞከረ፤ አልሆነለትም። ከዚያ ለሦስት ዓመት ወደ ምዕራቡ ቆላ ጠረፍ ተጋዘች። ሕዝብ የተሰበሰበባት ያኔ ነው፤ እምነታቸውን ላለመለወጥ የሸሹ ወንዶችና ሴቶች ወደ ግዞት ቦታዋ እየሄዱ ተከተሏት። የመጀመሪያው ማኅበሯ በስደት አገር ተመሠረተ። ከዚያ በኋላ በጣና ዙሪያና በደሴቶቹ ሌሎች ተጨመሩ፤ በሕይወት ዘመኗ ያቋቋመቻቸው ማኅበራት ሰባት ይባላሉ። ወንዶችም ሴቶችም በአንዲት ሴት አለቃነት ሥር የኖሩባቸው ማኅበራት መሆናቸው ለዘመኑ እንግዳ ነገር ነበር፤ ከቀሳውስት ወገን ሳይቀር ያጉረመረሙ ነበሩ። ዐፄ ሱስንዮስ በሰኔ 1632 እ.ኤ.አ. የቀድሞውን ሃይማኖት መልሰው በዚያው ዓመት ሲሞቱ ልጃቸው ዐፄ ፋሲል የተረከቡት አገር ይህችን ሴት የሚያውቃት እንደ ባለውለታ ነበር።

ወለተ ጴጥሮስ በ1642 እ.ኤ.አ. ኅዳር 17 ቀን በ50 ዓመቷ ዐረፈች፤ የተቀበረችው ከቆራጣ ብዙም በማይርቀው በሬማ ደሴት ገዳም ነው። ከ30 ዓመት በኋላ በ1672 እ.ኤ.አ. ገላውዴዎስ የተባለ መነኩሴ ገድሏን በግዕዝ ጻፈ። ጽሑፉ እርሷን በዓይን ያዩ፣ አብረዋት የተሰደዱ ሰዎች በሕይወት ሳሉ ከአፋቸው የተሰበሰበ ነው። ስለዚህ ከብዙ ገድላት በተለየ የዕለት ተዕለት ኑሮ ይታይበታል፤ ሕመም፣ ረኃብ፣ በታንኳ መሻገር፣ የመነኮሳት ጠብና ዕርቅ ሁሉ አለበት። የጣናን ዳርቻ የ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኑሮ ለማወቅ ከዚህ የበለጠ ምስክር ማግኘት ያስቸግራል። ወደ ቆራጣ የሚሄድ ሰው ከመነሳቱ በፊት ገድሉን ቢያነብ ደሴቶቹና ዳርቻው ሌላ ትርጉም ይኖራቸዋል።

ቆራጣ የተተከለችው ከዕረፍቷ በኋላ ነው። በ1650 እ.ኤ.አ. ዐፄ ፋሲል በወለተ ጴጥሮስ ስም ለሚሠራ ገዳም በዚህ ዳርቻ መሬት ሰጡ። ከመሬቱ ጋር የመማፀኛነት መብት ተከተለ። የንጉሥ ቁጣ የሚያሳድደው ሰው ቆራጣ ከገባ አይነካም። ከዚህ ክብር የተነሳ በከተማዋ ጠባብና ጥላ በበዛባቸው መተላለፊያዎች በቅሎ ላይ እንደተቀመጡ ማለፍ ክልክል ነበር። ከንጉሠ ነገሥቱና ከጳጳሱ በቀር ራስም ሆነ ደጃዝማች መግቢያዋ ላይ ወርዶ በእግሩ ይገባል። ቤተ ክርስቲያን ለተሳደደ ሰው ከለላ መስጠቷ በሌላውም ዓለም የታወቀ ሥርዓት ነው። እንግሊዝ አገር ይህ መብት በሕግ የተሻረው በዚያው በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አጋማሽ ነበር። እዚያ ሥርዓቱ ሲያከትም እዚህ አዲስ የመማፀኛ ከተማ መቆርቆሩ የጎንደር ነገሥታት በቤተ ክህነት ፊት የነበራቸውን ቦታ ያሳያል። ከአንድ የሃይማኖት ጦርነት የወጣ መንግሥት ራሱ የማይደፍረው መሬት መኖሩን ፈቅዶ ተቀበለ።

ቆራጣን ከገዳምነት ወደ ከተማነት ያሸጋገራት ይኸው መብት ነው። የጎንደር ዘመን ንግድ በሲራራ ነጋዴ ጫንቃ ላይ የቆመ ነበር። አሞሌ ጨው ከአፋር በረሃ ይመጣል፤ ከደቡብና ከጎጃም ገበያዎች ቡና፣ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድና ማር ይነሳል። በዚያው መንገድ በሰንሰለት የሚነዱ ባሮችም ያልፉ ነበር፤ ይህ የንግዱ ገጽ መሸፈን የለበትም። ወደ ምጽዋና ወደ መተማ የሚሄደው ጭነት ከጎጃም ወደ ጎንደር ሲሻገር ከሚያልፍባቸው መንገዶች ዋነኛው የጣናን ምሥራቃዊ ዳርቻ የሚከተለው ነበር። በጢስ ዓባይ አጠገብ አላታ ላይ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሠራው የድንጋይ ድልድይ ጎጃምን ከበጌምድር አገናኘ፤ ከድልድዩ ተነስቶ ወደ ሰሜን የሚያልፍ ነጋዴ ደግሞ የቆራጣን አካባቢ ሳይረግጥ አይሄድም።

ነጋዴው በዚህ መንገድ ላይ የሚፈራው ሁለት ነገር ነው፤ የኬላ ቀረጥና የወታደር ዝርፊያ። በዘመነ መሳፍንት ሠራዊት በየመንደሩ ተበትኖ የሚበላውን ከገበሬው ይቀማ በነበረበት ጊዜ ሀብት ማስቀመጫ ማግኘት ትልቅ ጭንቀት ነበር። የወለተ ጴጥሮስ ክልል ይህን ጭንቀት ፈታ። ወታደር በፈረሱ የማይገባበት ቦታ ገንዘብና ጭነት የሚያድርበት ቦታ ሆነ። ነጋዴዎች ቤታቸውን በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ሠሩ፤ ከካህናቱ ጋር ተዛመዱ፤ ብላንክም ከተማዋን የካህናትና የነጋዴዎች ከተማ ብሎ ገልጿታል። ብዙዎቹ ቤቶች የድንጋይ ነበሩ፤ በኢትዮጵያ ካያቸው ሁሉ የተሻሉ መሆናቸውንም መስክሯል። ንጉሡና መሳፍንቱ እንኳ በድንኳን በሚኖሩበት ዘመን ነጋዴ የድንጋይ ቤት መሥራቱ ነገ በስፍራው እንደሚገኝ ያመነ መሆኑን ያስረዳል። በየግቢው ቡና፣ ሎሚና ጌሾ ይተከል ነበር። ዘጌ በቡናዋ ስሟ ገንኖ እስከ ዛሬ ቆይቷል፤ ቆራጣም የዚያው ባሕል እኅት ናት።

ብዙ ጊዜ የንግድና የጸሎት ቦታ መለያየት እንደሚገባቸው ይታሰባል። ቆራጣ ላይ ግን አንዱ ሌላውን አቆመው። የነጋዴው ገንዘብ ቤተ ክርስቲያኑን አስጌጠ፤ የቤተ ክርስቲያኑ ክብር የነጋዴውን ገንዘብ ጠበቀ። የጎንደር ዘመን የከተማ ታሪክ ሲጻፍ ሁልጊዜ ከግንብና ከቤተ መንግሥት መጀመሩ ይህን ዓይነቱን ከተማ ከዓይን ሰውሮታል። ቆራጣ ንጉሥ ያልተቀመጠባት ከተማ ናት፤ ያደገችውም ንጉሥ ስላልተቀመጠባት ነው ማለት ይቻላል።

ከተማዋ ወደ ዓለም ታሪክ የገባችበት ጊዜ 1866 እ.ኤ.አ. ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ለንግሥት ቪክቶሪያ የላኩት ደብዳቤ መልስ ሳያገኝ በመቅረቱ የእንግሊዙን ቆንስል ካሜሮንንና ሚስዮናውያንን አስረው ነበር። እስረኞቹን ለማስፈታት የእንግሊዝ መንግሥት ሆርሙዝ ራሳምን ላከ። ራሳም በሞሱል የተወለደ፣ ቀደም ሲል በነነዌ ቁፋሮ የአሦርን ንጉሥ ቤተ መጻሕፍት የሸክላ ጽላቶች ካወጡት አንዱ የሆነ ሰው ነው። አብረውት ዶክተር ብላንክና ሌተና ፕሪዶ ነበሩ። ንጉሠ ነገሥቱ በክብር ተቀብለው ማረፊያቸው ቆራጣ እንዲሆን አዘዙ፤ በየካቲት አጋማሽ ገቡ። መጋቢት ላይ ካሜሮንና ሌሎቹ እስረኞች ከመቅደላ ተፈትተው እዚሁ ተቀላቀሏቸው። ከብዙ ወራት ሰንሰለት በኋላ የሐይቁን ነፋስ ያገኙት በዚህች ኮረብታ ላይ ነበር።

ዐፄ ቴዎድሮስ ግን ሠራዊታቸውን ያሰፈሩት ከወሽመጡ ማዶ ዘጌ ላይ ነው። በሁለቱ ዳርቻዎች መካከል ታንኳዎች ደብዳቤና ስጦታ ይዘው ይመላለሱ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ያንጊዜ በሌላ ሥራም ተጠምደው ነበር። ብላንክ እንደጻፈው ከደንገል ትልልቅ ጀልባዎችን አሠርተው በጎናቸው በእጅ የሚዞር የመቅዘፊያ መንኮራኩር አስገጥመውላቸዋል፤ በእንፋሎት የሚሄድ መርከብ በሌለበት ከአገሩ ደንገል የራሳቸውን መርከብ ለመፍጠር ሞከሩ። ጋፋት ላይ መድፍ ያስቀለጡት ንጉሥ ጣና ላይም ያንኑ ሕልም ይዘው እንደነበር ይህ ያስረዳል። ስለ ቴዎድሮስ የሥልጣኔ ምኞት ሲነገር የሴባስቶፖል መድፍ ይጠራል፤ የዘጌው የደንገል መርከብ ግን ከዚያ ያላነሰ ሊነገርለት ይገባል።

ሚያዝያ 13 ቀን 1866 እ.ኤ.አ. እስረኞቹ ወደ አገራቸው መንገድ ሲጀምሩ ራሳምና ባልደረቦቹ ሊሰናበቱ ወደ ዘጌ ተሻገሩ። ስንብቱ ወደ እስር ተለወጠ፤ መንገድ የጀመሩትም ተይዘው ተመለሱ። ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ራሳቸውን የሠዉት ልክ ከሁለት ዓመት በኋላ በዚያው በሚያዝያ 13 ቀን 1868 እ.ኤ.አ. ነው። ዘጌ ላይ የተከማቸው ሠራዊት ክረምቱ ሲገባ በኮሌራ ተመታ። ሰፈሩ ዳርቻውን ዞሮ በቆራጣ በኩል ወደ ደብረ ታቦርና ጋፋት ሲሄድ በሽታውም አብሮ ተጓዘ። ያ የመማፀኛ ሕግ ሰይፍን እንጂ ወረርሽኝን አይከለክልም ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ አጭር ነው። ከ1866 እስከ 1868 እ.ኤ.አ. በጌምድር በዘመቻና በዝርፊያ ተመናመነ፤ ጎንደር ራሷ ተቃጠለች። ነጋዴው የሚያርፍበት የጎንደር ገበያ ሲዳከም የቆራጣ ድርሻ አብሮ ቀነሰ። በክፍለ ዘመኑ መጨረሻ የመንግሥቱ ማዕከል ወደ ሸዋ ሲዞርና የጅቡቲ ባቡር ሲዘረጋ የአገሪቱ ንግድ ለምጽዋና ለመተማ ጀርባውን ሰጠ። በጣሊያን ወረራ ዘመንና ከዚያ በኋላ የተዘረጋው የመኪና መንገድ ዳርቻውን ትቶ በሐሙሲትና በወረታ አለፈ፤ ባሕር ዳር በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ፋብሪካና ኮሌጅ አግኝታ የሐይቁ ከተማ ሆነች። በ1920ዎቹና በ30ዎቹ እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ ጣናን የዞረው ቺዝማን የደሴቶቹን ገዳማት ሲመዘግብ የዳርቻው የንግድ ዘመን አልፎ ነበር። መንገድ ያሳደጋት ከተማ መንገድ ሲለያት ወደ ገዳም መንደርነት ተመለሰች።

ዛሬ ወደ ቆራጣ የሚሄድ ሰው ትልቅ ግንብ እንዳይጠብቅ መናገር ያስፈልጋል። የሚያገኘው ቤተ ክርስቲያኑን፣ ዛፎቹን፣ ኮረብታውንና ወሽመጡን ነው። በጣና ዙሪያ እንዳሉት አብያተ ክርስቲያናት ልማድ ክብ ሕንፃ በሦስት ክፍል ይለያል፤ ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስ። ጫማ አውልቆ መግባት፣ ካህናቱን አስቀድሞ ማነጋገር፣ ፎቶ ለማንሳት ፈቃድ መጠየቅ የአገሩ ደንብ ነው። ኅዳር 17 በዓሏ ሲከበር ከደራና ከአካባቢው ወረዳዎች ሰው ይሰበሰባል፤ ቦታውን በሙሉ ክብሩ ማየት የሚሻ ለዚያ ቀን ይዘጋጅ። ከዳርቻው በጀልባ ወደ ሬማ፣ ወደ ጣና ቂርቆስና ወደ ሌሎቹ ደሴቶች መሻገር ይቻላል። ጣና ቂርቆስ በትውፊት ታቦተ ጽዮን አክሱም ከመግባቷ በፊት ለረዥም ዘመን ያረፈችበት ደሴት ናት። ወደ አንዳንዶቹ ገዳማት ሴቶች አይገቡም፤ ስለዚህ ከመሳፈር በፊት መጠየቅ ይበጃል።

ታንኳውን ቆም ብሎ ማየት ተገቢ ነው። ከደንገል ታስሮ የሚሠራው ይህ ጀልባ በነገደ ወይጦ እጅ እዚህ የደረሰ ጥበብ ነው። ደንገሉ ይቆረጣል፣ ይደርቃል፣ በገመድ ይጠፈራል፤ ውኃ ሲጠጣ ወደ ዳር ወጥቶ በፀሐይ ይደርቃል። ዕድሜው አጭር ነው፤ ሲያረጅ ሌላ ይሠራል። በዚህ ጀልባ እንጨት፣ እህል፣ ቡናና ሰው ለብዙ መቶ ዓመታት ተሻግሯል፤ የወለተ ጴጥሮስ ስደትም ሆነ የራሳም ደብዳቤ ያለ እርሱ አይታሰብም። ደንገሉ የሚበቅልበት ረግረግ እየታረሰ በመሄዱ ጥበቡ አደጋ ላይ ነው።

ሌላው አደጋ እምቦጭ ነው። ይህ አረም ጣና ላይ በ2011 እ.ኤ.አ. ከታየ ወዲህ ሰሜናዊና ምሥራቃዊ ዳርቻውን አለብሶታል፤ ዓሣ አስጋሪውን መረብ መጣያ፣ ከብቱን ውኃ መጠጫ ከልክሎታል። ገበሬው በእጁ እየጎተተ ያወጣዋል፤ የተነቀለው ሳይደርቅ ዝናብና ማዕበል መልሶ ያበዛዋል። ከደጋው የሚወርደው አፈርና ማዳበሪያ አረሙን ስለሚመግበው ችግሩ የሐይቅ ዳር ሰው ብቻ ተደርጎ መታየቱ ስሕተት ነው። ዩኔስኮ በ2015 እ.ኤ.አ. ጣናን የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ብሎ መዝግቦታል። ምዝገባው ክብር ነው፤ ሐይቁን የሚያድነው ግን ከጉና እስከ ቆራጣ ያለው ሥራ ነው።

ከጣና ዳር ጥንታዊ ከተሞች ቆራጣን ከጎርጎራ ጋር ማስተያየት ይጠቅማል። ጎርጎራ በሰሜን ዳርቻ የዐፄ ሱስንዮስ መቀመጫ ነበረች። የዓባይን ምንጭ በ1618 እ.ኤ.አ. ያየው ኢየሱሳዊው ፔድሮ ፓኤዝ ያረፈው እዚያ ነው፤ የካቶሊኮቹ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽም በአቅራቢያዋ ይገኛል። በደብረ ሲና ማርያም ያሉትን ሥዕሎች ለማየት ብቻ እንኳ ወደዚያ መጓዝ ተገቢ ነው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በገበታ ለሀገር ፕሮጀክት የተሠራው መዝናኛ ተመርቆ ዘመናዊ ማረፊያ አግኝታለች። ጎርጎራ የሱስንዮስን ወገን ታሪክ ትናገራለች፤ ቆራጣ እርሳቸውን የተቃወመችውን ሴት። አንዱን አይቶ ሌላውን የተወ ሰው የዚያን ዘመን ክርክር የሰማው በአንድ ጆሮ ብቻ ነው። ለጎርጎራ የተሰጠው ትኩረት ሩቡ እንኳ ለቆራጣ አለመድረሱ ያሳዝናል።

ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የተነሳው ግጭት ጉዞን አዳጋች አድርጎታል፤ የሚሄድ ሰው የመንገዱን ሁኔታ ከአካባቢው ሰዎች ማጣራት አለበት። እስከዚያው መሥራት የሚቻል ነገር ግን አለ። የነጋዴዎቹ የድንጋይ ቤቶች መሠረት የት የት እንደሚገኝ በካርታ ላይ ያልሰፈረ ከሆነ ፍርስራሹ ለአጥር ተነቅሎ ከማለቁ በፊት ሊሰፍር ይገባል። በዕድሜ የገፉት የደራ ሰዎች ከአባቶቻቸው የሰሙትን የሲራራ ንግድ ወሬ ሳይመዘገብ እንዳይቀር የዞኑ ባህልና ቱሪዝም መምሪያና በአቅራቢያው ያሉት የባሕር ዳርና የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎቻቸውን ይላኩ። የመካነ ኢየሱስ፣ የደብረ ታቦርና የአንበሳሜ መምህራንም የታሪክ ክፍል ተማሪዎቻቸውን ወደ ጎንደር ግንቦች ሲወስዱ ቆራጣን በጉዞው ዕቅድ ውስጥ ያስገቡ።